የግል እርካታ ለሌላው ሰው ምኑ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እርካታ ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ «እኔ» ነው። የኔ ሕልም፣ የኔ ሰላም፣ የኔ ምርጫ። የእኔ መርካት ወይም አለመርካት ለልጄ፣ ለባልደረባዬ፣ ለማላውቀው ሰው ምን ያመጣል የሚለው ግን ብዙም አይነሳም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት የሚሞክሩ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግል እርካታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ሕይወቱን ዞር ብሎ ሲያየው «ይሄ የኔ ነው፤ መኖሬ ትርጉም አለው» ሲል ማለት ነው። ሰው ሆኖ ከስህተት የጸዳ ስለሌለ ሁሉም ነገር ተሳክቷል ማለት አይደለም።

ካሮል ሪፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር በ1989 ነገሩን በስድስት ከፍላ አቅርባዋለች፦ ራስን መቀበል፣ ከሰዎች ጋር ጥሩ ግንኙነት፣ በራስ መመራት፣ የኑሮን ሁኔታ መቆጣጠር መቻል፣ የሕይወት ዓላማ እና እያደጉ መሄድ። «ደስ መሰኘት» ከስድስቱ አንዱ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። «ከሰዎች ጋር» የሚለው ግን አለ። አርስቶትልም ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ መልካም ሕይወት ሲጽፍ ሰውን በተፈጥሮው ከማኅበር ጋር የሚኖር ፍጡር አድርጎ ነው የተነሳው። ብቻውን የረካ ሰው የሚለው ሐሳብ ለሱ ትርጉም አልነበረውም።

ታዲያ ከደስታ በምን ይለያል?

ልጁ ታሞ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያድር ወላጅ ደስ ብሎታል አንልም። «ይህን ሌሊት ለምን አሳለፍከው?» ቢባል ግን ጥያቄው ራሱ ያስቀዋል። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎችን ስለ ደስታቸውና ስለ ሕይወታቸው ትርጉም ጠየቁ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩበት ቦታ ግን አለ። ደስታ የሚፈልጉትን ከማግኘትና ከመቀበል ጋር ሲያያዝ፣ ትርጉም ደግሞ ከመስጠት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ሕይወታችን ትርጉም አለው ያሉ ሰዎች ጭንቀትና ሐሳብም ይበዛባቸው ነበር። ስለዚህ «የረካ ሰው አይጨነቅም» የሚለውን ምክር ሲሰሙ ብዙም አይመኑት።

ራስን ማስቀደም ራስ ወዳድነት አይደለም ወይ?

«ከራስ በላይ ነፋስ» እየተባለ ላደገ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚወሰነው «ራስ» ያልነው ምን እንደሆነ ላይ ነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሠርተው የደረሱበት ነገር አለ። ሰው ሊጎድሉበት የማይገቡ ሦስት የመንፈስ ፍላጎቶች አሉት ይላሉ፦ በገዛ ፈቃዱ መሥራት፣ በያዘው ነገር ብቁ መሆን እና ከሰው ጋር መቆራኘት። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን አይቆሙም። ሌሎችን ገፍቶ እርካታ የሚፈልግ ሰው ከሦስቱ አንዱን በገዛ እጁ እየቆረጠ ነው።

በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም ይህን ነገር ያነሳዋል፤ ግን ብዙዎቻችን እስከዚያ ድረስ አናነበውም። ከ30 አንቀጾቹ 29ኛው ላይ ነው ያለው። ሰው ማንነቱን በነጻነትና በሙላት ሊያሳድግ የሚችለው በማኅበረሰብ ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህም ለዚያ ማኅበረሰብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። መብት እየዘረዘረ የመጣ ሰነድ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እንዲህ ማለቱ አስቦበት ነው።

በሌላ በኩል ራሱን ሙሉ በሙሉ ረስቶ ለሌላው የሚኖር ሰውም አለ። እሱን ሁሉም ያመሰግነዋል። ግን እርዳታው ውስጥ ቂም እየተጠራቀመ ይሄድና አንድ ቀን «ይህን ሁሉ አድርጌላችሁ!» ብሎ ይፈነዳል። ያንን ውለታ የተቀበሉ ሰዎችም ዕዳ እንጂ ፍቅር አይሰማቸውም።

የአንድ ሰው እርካታ ወደ ሌላው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ዋናው መንገድ ሥራ ይመስለኛል። ኅብረተሰብ የቆመው በአብዛኛው ማንም በማይቆጣጠረው ሥራ ላይ ነው። ነርሷ እጇን በደንብ መታጠቧን፣ መምህሩ ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ ደግሞ ማስረዳቱን፣ ግንበኛው ከልስኑ ሥር ያለውን በትክክል መሥራቱን ቆሞ የሚያይ የለም። ሕግም ደመወዝም እዚያ ድረስ አይደርሱም። እዚያ ድረስ የሚደርሰው ሰውየው ለሥራው ያለው ስሜት ነው።

ዴሲ በ1971 ያደረገው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተማሪዎች የሚያዝናና የግጥምጥም እንቆቅልሽ እንዲሠሩ አደረገ። ከፊሎቹ በመሃል ለፈቱት ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር ተከፈላቸው። ክፍያው ሲቆም፣ በነጻ ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የሚሞክሩበት ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ሆነ። መጀመሪያ ለፍቅሩ ያደርጉት የነበረው ነገር ወደ ሒሳብ ተለወጠባቸው። (ይህን ጥናት «ስለዚህ ደመወዝ አልጨምርም» ለማለት የሚጠቅሱ አለቆች አሉ። ጥናቱ ያንን አላለም። በቂ ያልተከፈለው ሰው የሚያስበው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ክፍያው ነው።)

ሁለተኛው መንገድ መስጠት ነው። ኤሊዛቤት ደንና ባልደረቦቿ በ2008 ለሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጥተው በዚያው ቀን እንዲያጠፉት ነገሯቸው። ከፊሎቹ ለራሳቸው፣ ከፊሎቹ ለሌላ ሰው። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ሰው ያወጡት የበለጠ ደስ ብሏቸው ነበር። የገንዘቡ መጠን ለውጥ አላመጣም። ነገሩ ክብ ነው፦ የረካ ሰው ይሰጣል፤ መስጠቱ ደግሞ ያረካዋል። ከየትኛው ወገን ቢገቡበት ይሠራል።

ሦስተኛው ይበልጥ ይወራለታል፤ እኔ ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። ጄምስ ፋውለርና ኒኮላስ ክሪስታኪስ በ2008 ደስታ በወዳጅ ወዳጅ በኩል እስከ ሦስተኛው ሰው ድረስ እንደሚዛመት ጽፈዋል። የተጠቀሙት ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ ለረጅም ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ነው። ነገር ግን ተቺዎቻቸው ያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። ሰው መጀመሪያውኑ የሚወዳጀው የሚመስለውን ነው። ደስተኞች ደስተኞችን ስለሚመርጡ ነው ወይስ አንዱ ሌላውን ስለለወጠው? ለይቶ ማወቁ ከባድ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ግን ጥናት አያስፈልግም። ከሥራ ተቃጥሎ የገባ ሰው በሩን ሲዘጋ ከድምፁ ብቻ ቤቱ ሁሉ ይገባዋል።

ሰዎች እርካታ ሲያጡስ ኅብረተሰቡ ላይ ምን ይደርሳል?

ለዚህ ጥያቄ ከማሪየንታል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማሪየንታል በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙም የማትርቅ የፋብሪካ መንደር ነበረች። መንደሯ በሙሉ የምትኖረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካው በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከቡድናቸው ጋር ገብተው አጠኑትና ውጤቱን በ1933 አሳተሙ።

በጊዜው ብዙ ሰው ሥራ አጥነት ሕዝቡን ለአመጽ ያነሳሳል ብሎ ያስብ ነበር። እነሱ ያገኙት ሌላ ነው። መንደሩ ዝም አለ። ሰዎች ከድሮው ይልቅ ለማንበብ ጊዜ ነበራቸው፤ መጽሐፍ ለመዋስ ይከፈል የነበረውም ቀርቶ ነበር። ሆኖም ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወሰዱ መጻሕፍት ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ። ክበቦች ተዳከሙ። የፖለቲካ ተሳትፎ ቀዘቀዘ። ማንነታቸውን ሳይገልጹ ጎረቤታቸው የሥራ አጥ ድጎማ እየተቀበለ በድብቅ ይሠራል ብለው የሚጠቁሙ ሰዎች በዙ።

ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው የሰዎችን አካሄድ ሳይቀር ለኩ። ወንዶቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ደጋግመው ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን ይፈጥናሉ። ምክንያቱም የሴቶቹ ሥራ አልቆመም። ምግቡ፣ ልጆቹ፣ ቤቱ አለ። ወንዶቹ ቀኑን ምን ሲያደርጉ እንደዋሉ ሲጠየቁ የሚናገሩት ነገር ይጠፋቸው ነበር።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ ላይ የሥራ አጥ ድጎማ ያገኙ ነበር፤ ድሆች ቢሆኑም ወዲያው አልተራቡም። ያጡት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ለሌላው የሚያስፈልግ ሰው መሆንን አጡ። ያ ሲሄድ መጽሐፍ ማንበቡም፣ ጎረቤትን ማመኑም አብሮ ሄደ። ስለዚህ «ሥራ የሌለው ሰው ቢያንስ ጊዜ አለው» ሲባል ማሪየንታልን አስባለሁ።

ለሚበላው ለሚጨነቅ ሰው ስለ እርካታ ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሥነ ልቦና ምሁሩን የማዝሎን የፍላጎቶች ፒራሚድ ይጠቅሳሉ። ታች ምግብና መጠለያ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ፍቅር፣ ክብር፣ ጫፉ ላይ ራስን ማግኘት። አንዱ ሳይሞላ ወደ ሌላው አይኬድም ይባላል።

አብርሃም ማዝሎ ራሱ እንዲህ ድርቅ አላለም። ሐሳቡን በ1943 ሲጽፍ ፒራሚድ አልሣለም፤ ሥዕሉን በኋላ ያመጡት ሌሎች ናቸው። እዚያው ጽሑፉ ላይ አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ መሟላት እንደማያስፈልገው ለማሳየት ለምሳሌ ያህል ቁጥሮች አስቀምጧል። ተራ ሰው የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ የደኅንነቱ 70 በመቶ፣ የፍቅሩ 50 በመቶ ተሟልቶለት ሊሆን ይችላል ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጎደሉም እየሞሉም ይሄዳሉ። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ደግሞ ከጫፉም በላይ ሌላ ነገር እንዳለ ጽፏል፦ ከራስ አልፎ ለሚበልጥ ነገር መኖር። ይህ ክፍል ፖስተር ላይ አይወጣም።

ስለዚህ ቅንጦት አይደለም። ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። የተራበን ሰው «በአስተሳሰብህ ላይ ሥራ» ማለት ነውር ነው።

ገንዘብ እርካታን ይገዛል?

እስከተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ በተለይ ከታች ላለው ሰው። ከዚያ በላይ ክርክር ነው።

ሪቻርድ ኢስተርሊን በ1974 አንድ እንቆቅልሽ አነሳ። በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሙ ከድሃው የበለጠ ደስተኛ ነኝ ይላል። አገሩ በሙሉ በጊዜ ብዛት ሲበለጽግ ግን የሰዉ ደስታ አብሮ አላደገም። አንዱ ማብራሪያ ሰው ኑሮውን የሚለካው ከጎረቤቱ አንጻር ነው የሚል ነው። ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን በ2010 የአሜሪካውያንን መልስ ሲያጠኑ የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75 ሺህ ዶላር አካባቢ መሻሻሉን እንደሚያቆም ጻፉ። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 «አያቆምም» አለ። ከዚያ የሚያስደስተው ነገር መጣ። ሁለቱ ወገኖች ከመሰዳደብ ይልቅ አብረው ተቀመጡና በ2023 የጋራ ጽሑፍ አወጡ። ለአብዛኛው ሰው ስሜቱ ከገቢው ጋር መሻሻሉን ይቀጥላል። በጣም ደስታ ለራቃቸው ሰዎች ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ገንዘቡ ምንም አይጨምርላቸውም። ያዘኑበት ነገር በገንዘብ የሚፈታ ዓይነት አይደለምና።

እርካታን በፈለግኩት ቁጥር የሚርቀኝ ለምንድን ነው?

ምናልባት አሁንም አሁንም ስለሚለኩት ነው። አይሪስ ማውስና ባልደረቦቿ በ2011 ያሳዩት ይህን ነው፤ ለደስታ ከመጠን በላይ ዋጋ የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሰዓት እንኳ ቅር ይላቸዋል። ከዚህ የበለጠ መደሰት ነበረብኝ ይላሉ።

በ2015 ደግሞ ብሬት ፎርድና ባልደረቦቿ ጥያቄውን በተለያዩ አገሮች አነሱት። በአሜሪካ ደስታን አጥብቆ መፈለግ ከባሰ ስሜት ጋር ተያያዘ። በጀርመን ምንም ግንኙነት አልታየም። በሩሲያና በምሥራቅ እስያ ግን ከተሻለ ሕይወት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ለምን? በነዚያ አገሮች ደስታ የሚፈለገው ከሰዎች ጋር ሆኖ ስለሆነ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ያው ፍለጋ፣ አቅጣጫው ሲለወጥ ውጤቱም ተለወጠ። ከዚህ ሁሉ ጥናት አንዱን ብቻ ያስታውሱ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ሥራዬን አልወደውም። ትቼው ልውጣ?

ከመውጣትዎ በፊት የሚጎድለው ሥራው ራሱ ነው ወይስ የሚሠራበት መንገድ የሚለውን ይለዩ። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን በ2001 ስለ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኞች ጽፈው ነበር። ሥራቸው ወረቀት ላይ አንድ ነው። ከፊሎቹ ወለል ማጽዳት ብቻ አድርገው ያዩታል። ሌሎቹ ግን ራሳቸውን ከታካሚው መዳን ጋር ያያይዛሉ፤ በሽተኛውን ያዋራሉ፤ የጎደለውን ያያሉ። እርስዎ የትኞቹ በሚያጸዱት ሆስፒታል ቢተኙ ይመርጣሉ?

ይህ ሲባል ግን በደል ያለበትን ሥራ በ«አመለካከት ለውጥ» ቻሉት ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ ዝለትን ሲተረጉም መንስኤውን በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና ነው ብሎታል። ጥፋቱን በሠራተኛው ጠባይ ላይ አላላከከም።

ሁሉም ሰው ከረካ ለለውጥ የሚነሳ ማን ይኖራል?

መርካትና «ምን አገባኝ» ማለት የተለያዩ ናቸው። ማሪየንታልን ያስቡ። እዚያ ጨርሶ ያልረካ ሕዝብ ነበር፤ ለለውጥ ግን አልተነሳም። ሰው ለመቃወም አቅም፣ ጓደኛና «ብናገር ለውጥ አመጣለሁ» የሚል እምነት ይፈልጋል። እነዚህ ደግሞ የእርካታ ቅመሞች ናቸው።

መንግሥት ሊያመጣው ይችላል?

እርካታን ራሱን አይሰጥም። የሚያሳጡ ነገሮችን ግን መቀነስ ይችላል፦ ፍርሃትን፣ ሥራ ማጣትን፣ ጉቦን፣ የሕክምና ዕዳን። የዓለም የደስታ ሪፖርት ከ2012 ጀምሮ ይወጣል። ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 ባለ መሰላል ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠየቃሉ። ፊንላንድ በ2018 አንደኛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቦታውን አልለቀቀችም። ፊንላንዳውያን በሳቅ በጨዋታ የታወቁ ስለሆኑ አይደለም። መሰላሉ የሚለካው ፈገግታን ሳይሆን ኑሮን ነው።

ቡታን ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ጠቅላላ ብሔራዊ ደስታ» የሚል መመሪያ ይዛ፣ በ2008 በሕገ መንግሥቷ አስገብታዋለች። ይመሰገናል። ነገር ግን ይቺው አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ 100 ሺህ ገደማ ኔፓልኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿን ለስደት የዳረገች ናት። የሕዝብ ደስታ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሕዝብ ውስጥ ማን ተቆጠረ?» ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሁሉም የረካ ይመስላል። እኔ ብቻ ነኝ?

አይደሉም። ሰው ፖስት የሚያደርገው የመረጠውን ነው። እርስዎም እንደዚያው።

ባዶነቱ ለሳምንታት ካልለቀቀኝስ?

እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድሮ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት ጉዳዩ የእርካታ ላይሆን ይችላል። ድብርት ሕመም ነው፤ ይታከማል። የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ሕክምናም ይሂዱ።

ከየት ልጀምር?

ዴሲና ራያን ካሏቸው ሦስት ፍላጎቶች የትኛው እንደጎደለዎት ይጠይቁ። በፈቃድዎ የሚያደርጉት ነገር አለ? ጎበዝ የሆኑበት ነገርስ? ቢቀሩ «የት ጠፋህ?» ወይም «የት ጠፋሽ?» የሚል ሰው አለ? የጎደለውን ካወቁ ትንሽ ነገር ይምረጡ። ትልቅ የሕይወት ዓላማ ፍለጋ ወራት መቀመጥ አያስፈልግም። ዓላማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ምን እንደሚመርጡ ግራ ከገባዎት ሦስተኛውን ያስቀድሙ። በሃርቫርድ በ1938 የተጀመረ፣ 724 ወንዶችን ዕድሜ ልካቸውን የተከተለ ጥናት አለ። ከፊሎቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ከፊሎቹ ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የመጡ ልጆች ነበሩ። የጥናቱ መሪ ሮበርት ዋልዲንገር እንደሚናገረው በ80 ዓመታቸው ጤናቸው የተሻለው በ50 ዓመታቸው በግንኙነታቸው የረኩት ናቸው። በተግባር ሲመጣ ይህ ማለት በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር መሥራት ሊሆን ይችላል። ልጆችን ማስጠናት፣ የታመመ መጠየቅ፣ የጋራ ግቢ ማጽዳት። የሚወዱትና የሚችሉት ከሆነ ሦስቱንም በአንዴ ይነካል። ካልወደዱት ይተዉትና ሌላ ይሞክሩ። ዝም ብሎ ለይስሙላ የሚደረግ በጎ ሥራ ለሚሠራውም ለሚደረግለትም ይከብዳል።